ዝናብ ላይ የቆሙት አሮጊት

አሁንም የማውስ ቀጭ ቀጭ ስሰማ ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቤታችን ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሄኖክ ጋር አንድ የድሮ ጌም እንጫወታለን። ጌሙ ውስጥ በማውስ እየነካን የምናዝዛቸው ሰዎች አሉ። አሮጊቷ የሄኖክ ናቸው፣ ትንሹ ልጅ የእኔ።

አሮጊቷ የጎረቤት ድስት አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከኋላችን ምስር የምትለቅመው እናታችን ደነገጠች።

«ባለቤቷን ጠይቀዋል?»

«እማዬ፣ ጌም እኮ ነው!»

«ጌም ቢሆንስ፣ ትልቅ ሰው ይሰርቃል? በል አሁኑኑ አስመልሳቸው!»

ሄኖክ ድስቱን ለጎረቤቷ ሊያስመልስ ሞከረ። ጎረቤቷ በእንግሊዝኛ «ይሄ አይሆንም» አለች።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

«‹ይውሰዱት እማማ፣ ችግር የለም› አለች።»

ሳቄ ሲያመልጠኝ በጠረጴዛው ስር በእግሩ መታኝ።

ወዲያው ጓደኞቹ ከውጭ ጠሩት፤ እንጦጦ ሊወጡ ነው። እማዬ ስክሪኑን አየች፤ ጌሙ ውስጥ ዝናብ ይጥላል፣ አሮጊቷ ከተዘጋ በር ውጭ ቆመዋል።

«አሮጊቷን ዝናብ ላይ ትተሃቸው?»

«ነገ አስገባቸዋለሁ!» ብሎ ሮጠ።

አመሻሹ ላይ ከእንጦጦ ሲወርዱ መኪናቸው ተገለበጠ። ሄኖክ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ሞተ።

በማግስቱ ጠዋት ደጃችን ላይ ድንኳን ሲተከል ጌሙን ከፈትኩ። በትንሹ ልጅ በሩን ከውስጥ አስከፈትኩ። ከዚያ የሄኖክን አሮጊት ለመጀመሪያ ጊዜ ነክቼ አስገባኋቸው። አሮጊቷ በእንግሊዝኛ «ጫማዬ ረጠበ» አሉ።

እማዬ ዐይኗ አብጦ ከኋላዬ ቆማለች።

«ምን አሉ?»

«‹ሄኖክ ይባረክ› አሉ» አልኳት።