የዓርብ መጥረጊያ

ዛሬ ሐይቅ ከተማ፣ እኔው ራሴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት በር ላይ ልጄን ተቆጣሁት።

ተማሪው ሁሉ ወጥቶ እሱ ብቻ ቀርቷል። ያመጣኝ ባለባጃጅ ጥሩምባውን ሊጨርሰው ነው። በመጨረሻ ፀጉሩ አቧራ ለብሶ ብቅ አለ።

"የት ቆይተህ ነው?"

"ክፍል ስጠርግ። የአሕመድ ተራ ነበር፤ ጁምዓ እንዳይረፍድበት ሂድ አልኩት።"

"መምህር አዘዙህ?"

"ኧረ ማንም አላዘዘኝም አባዬ! እስጢፋኖስ ሲነግሥ እሱ ይጠርግልኝ የለ?"

ቁጣዬ የት እንደገባ እንጃ።

እኔና ሰዒድ እዚሁ ግቢ አንድ ዴስክ ላይ ስንማር፣ ዓርብ ከሆነ የእሱን ተራ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። እስጢፋኖስ ሲነግሥ ደግሞ መጥረጊያውን ከእጄ ይቀማኝና "ሂድ፣ ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ" ይለኛል። ያ አቧራ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ይህን ለልጄ አንድም ቀን አውርቼለት አላውቅም። ከእኛ ጋር የቀረ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሰዒድ አሁን ውጫሌ ነጋዴ ነው። ደውዬ ነገርኩት። "አልሐምዱሊላህ" አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ።

"ግን በደንብ ጠርጓል? ወይስ እንደ አባቱ ቆሻሻውን ከዴስክ ስር ነው የገፋው?"

ሰው አይለወጥም!

ባጃጁን አሰናበትኩና ልጄን በከተማው መሃል በእግር ይዤው ሄድኩ። የፀጉሩን አቧራ አላራገፍኩለትም። ሰው ይየው ብዬ ነው።

የእናንተን ተራስ ማን ይጠርግላችሁ ነበር? ስሙን እዚህ ጻፉልኝ፤ ልጆቻችን ያንብቡት።