እናቴ ያለቀሰችበት ፊልም

ግቢያችን ውስጥ ለሦስት ቀን ፊልም ተቀርጿል። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ገባ ብሎ፣ ጭቃ ቤትና ብሎኬት ቤት ተደጋግፈው በቆሙበት ሰፈር ማን መጥቶ ምን ይቀርጻል? ዳይሬክተሩ ግን በሩን ገፍቶ ገባ፤ አሮጌውን ቤት፣ በረንዳውን፣ የተሰነጠቀውን የሲሚንቶ ወለል አየና ዐይኑ በራ።

«ሰውየው የሚሞተው እዚህ ነው» አለ።

«ምን አልከኝ?» አለችው እናቴ።

የሚሞተው በፊልሙ ውስጥ ያለ አከራይ ነው። ለቅሶው ግቢያችን ውስጥ ይደረጋል፤ አልቃሾቹ የሰፈር ሰዎች ይሆናሉ። ከዚህ በላይ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ለቅሶ ካለበት የሚያሳዝን ፊልም ነው ብለን ደመደምን።

መጀመሪያ ያስቸገረው ድንኳን ነበር። የእድራችን ሊቀ መንበር ሰው ሳይሞት ድንኳን አላወጣም ብለው ድርቅ አሉ። «አንደኛ ሟርት ነው። ሁለተኛ፣ ነገ የእውነት ሰው ቢሞት ለቤተሰቡ ምን ልበል? ድንኳኑ ትወና ላይ ነው ልበል?» አሉ። ዳይሬክተሩ ከሌላ ሰፈር ተከራይቶ አመጣ።

ከዚያ ሙሾ የምታወርድ ሴት ተፈለገች። እናቴን የጠቆመችው አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ናት። «እሷ ጎጃሜ ናት፤ ሙሾ ታውቃለች» አለች። ጎረቤታችን ራሷ ጴንጤ ስለሆነች ሙሾ አታወርድም፤ ቁጭ ብላ ማዘን ግን እንደምትችል ለዳይሬክተሩ ነገረችው። ቆየት ብላ ደግሞ የውሸት ለቅሶ ኃጢአት እንዳይሆን ጠየቀችው። «ትወና ነው እማማ» አላት። «እሱስ ገብቶኛል፤ እግዜር ይገባዋል ወይ ነው ያልኩህ» አለችው።

እኔ ያን ጊዜ በስልኬ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር፤ ማንም አላስተማረኝም። ዳይሬክተሩ ይህን ሰምቶ እናቴ የምትላቸውን ሁለት ስንኞች እንድጽፍ ነገረኝ። ጻፍኩ። ስለ መቃብርና ስለ አፈር፣ ከባድ ከባድ ቃላት ያሉበት ነው። እናቴ በአንድ ጠዋት በቃሏ ያዘችው።

ቀረጻው ሲጀመር ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ብየዳ ቤት ለምኖ ማሽኑን አስጠፋ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ድንኳኑ መሃል ቆመች። የእኔን ግጥም ስጠብቅ ሌላ ነገር አለች፦

በሩ በተንኳኳ አንተ መጣህ ብዬ፣
ስንት ቀን ወጣሁኝ ነጠላዬን ጥዬ።

ከዚያ ደረቷን መታች። የወረደው በጉንጭ ላይ ቀስ ብሎ የሚንከባለል የተዋናይ እንባ አልነበረም፤ አፍንጫዋ ጭምር ፈሰሰ። ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረና ሲመለስ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ተመለሰ። ሴቶቹ አብረዋት አለቀሱ፣ ጎረቤታችንም ጭምር። ዳይሬክተሩ «ካት» ማለት ረሳ።

የግቢው በር በኤሌክትሪክ ገመድ ምክንያት ክፍት ነበር። ለካ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ በመንገድ ሲያልፉ ድንኳን አይተው፣ ዝም ብለው ማለፍ ነውር ሆኖባቸው ገብተዋል። ቀረጻው እንደቆመ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው በሹክሹክታ «ሟች ማን ናቸው?» አሉኝ።

«ፊልም ነው አባባ። የሞተ ሰው የለም።»

«የለም?»

«የለም።»

እናቴን በከዘራቸው ጫፍ አመለከቱኝ። ገና አላቆመችም ነበር። «እሷስ ታዲያ ምን ሆና ነው?»

አባቴ የሞተው የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ታሞ ሞተ። በለቅሶው ቀን እናቴ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ጥግ ላይ ሆነው «ድንጋይ ናት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ከመካከላቸው አንዷ ይህችው ጎረቤታችን ነበረች። አሁን እናቴ ለሌለ አከራይ፣ ላልሞተ ሰው፣ ያን ሁሉ እንባ አወረደች።

ለአባቴ ነው ብዬ አርፌ እንድቀመጥ ስንኙ አልፈቀደልኝም። አባቴ በር አንኳኩቶ አያውቅም። አስፋልቱ ላይ ሆኖ ክላክስ ያደርጋል፣ እኔ ሮጬ እከፍታለሁ። ቤት ለመምታት ብላ ያመጣችው ነው ልል ፈለግሁ፤ እኔ ራሴ ለቤት መምቻ ብዬ ስንት ውሸት ጽፌያለሁ። ግን ለቤት መምቻ የመጣ ቃል እንደዚያ አያስለቅስም። ወይስ ያስለቅሳል? አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን የእኔን መኝታ ቤት ፈለጉት። እኛን አስወጥተው ምን እንደቀረጹ አላየንም። ሲሄዱ አልጋዬ ላይ ቆሎ ተበትኖ አገኘሁ።

ፊልሙ ሲኒማ ቤት የገባው ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። እናቴ ጉልበቷን አሟት ስለነበር መጀመሪያ ብቻዬን ሄድኩ። እኔ ፊልም የማየው ተጋድሜ፣ በስልክ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ነው። ሲሰለቸኝ አሳልፋለሁ፣ ሲያስፈራኝ አቆማለሁ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ አውራ ጣቴ ሥራ ፈታ። ፊልሙ እኔን ሳይጠይቅ ይሄዳል።

የግቢያችን በር ታየ። ዝገቱን በየቀኑ አየዋለሁ፤ እንደዚያ ብዙ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ከዚያ እናቴ መጣች። ፊቷ የአንድ ፎቅ ቤት ያህላል። ሁለቱን ስንኞች አለች፣ ደረቷን መታች።

ወዲያው ስዕሉ ተቀየረ። የመኝታ ቤቴ መስኮት ነው። ሟቹ አከራይ ከመጋረጃው ኋላ ቆሞ ቆሎ እየቆረጠመ ወደ ድንኳኑ ያያል። የሞተ መስሎ ተደብቆ፣ ለቅሶው ላይ ማን መጣ ማን ቀረ እያለ በጣቱ ይቆጥራል። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ካሜራው ወደ እናቴ ተመለሰ፤ እንደገና ደረቷን መታች። ካሜራው ወደ ሰውየው ተመለሰ፤ በሙሾዋ ልቡ ተነክቶ የራሱን እንባ በመጋረጃው ይጠርጋል። ከኋላዬ የተቀመጠ ልጅ እያጨበጨበ «እቺ ሴትዮ ገደለችኝ» አለ።

ኮሜዲ ነበር። የነገረን ሰው አልነበረም።

እኔም እየሳቅሁ ነበር። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ሳቁ ከጎንና ከጎን ካሉት ሰዎች ተነስቶ በእኔ በኩል አለፈ፤ ሳልፈቅድለት አለፈ። አፌ መከፈቱን ያወቅሁት ጥርሴን ሲበርደኝ ነው። በእናቴ ለቅሶ ላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች።

«እሺ፣ ሰው ምን አለ?»

«አለቀሰ» አልኳት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንዳንድ ጊዜ ደስታዋን እንደዚያ ነው የምትደብቀው።

በማግስቱ ወሬው በሰፈር ሞላ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አስለቀሰች ተባለ። ጎረቤታችን ሦስት ሴቶች አሰባስባ እሁድ በስምንት ሰዓቱ እንደሚሄዱ ቆረጠች። እናቴ ጉልበቷን ረሳች። እኔ ጨነቀኝ። «ድንጋይ ናት» ያሉዋት ሴቶች አጠገብ ተቀምጣ፣ ስታለቅስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሊስቅባት ነው፤ ወደዚያ የላካት ደግሞ የእኔ ውሸት ነው።

«እማ፣ ደረጃው ብዙ ነው» አልኳት።

«ቀስ ብዬ እወጣዋለሁ።»

«ጥቂት ወር ነው እኮ፤ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል። እዚሁ በቲቪያችን እናየዋለን።»

«ቤቴን ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ ልይ? እሱንማ ያለ ፊልም አየዋለሁ።»

እሁድ ከኮልፌ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን መሃል ከተማ ወረድን። አምስት ሴቶችና እኔ። ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ አከራዩ ጥርሱን ያገጠጠበት ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል፤ ፊት ለፊቱ ቆምኩና እነሱን በእጄ ወደ ደረጃው አሳለፍኩ። ጎረቤታችን ቦርሳዋን የሚፈትሸውን ዘበኛ «ልጄ፣ ውስጥ የሚታየው ነውር የለበትም አይደል?» አለችው። «ኧረ ኮሜዲ ነው እማማ» አላት። እናቴ ከፊት ሆና «ምን አለ?» አለች። «ግቡ፣ ሊጀመር ነው አለ» አልኩ።

ከጅምሩ ሰው ይስቅ ነበር፤ ሴቶቹም ሳቁ። ለቅሶው ሲደርስ ይለወጣል ብለው የሚጠብቁ ይመስለኛል። ድንኳኑ ሲመጣ እኔ ስክሪኑን ተውኩና እናቴን ማየት ጀመርኩ። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ይመጣል ይሄዳል። ከንፈሯ ከስክሪኑ ጋር ሁለቱን ስንኞች አለ። ከዚያ ሰውየው መጣ፣ አዳራሹም ፈረሰ። ከሴቶቹ ቀድማ አፏን በነጠላ ይዛ የሳቀችው ጎረቤታችን ናት።

እናቴ ወደ እኔ ዘንበል አለች። «አልሞተም እንዴ?»

«አልሞተም።»

«መጀመሪያውኑም?»

«መጀመሪያውኑም።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር እጄን ጀርባዋ ላይ አደረግሁ፤ አይዞሽ ልላት ነበር። ዞር ስትል አየሁት፤ እየሳቀች ነው። ትንፋሽ እስኪያጥራት፣ የሚያማትን ጉልበቷን እየመታች ሳቀች።

በመልሱ ታክሲ ውስጥ ሴቶቹ አልለቀቋትም።

«ያን ሁሉ እንባ በሕይወት ላለ ሰው!» አለች አንዷ።

«አይተሻል፣ ለባልሽ የነፈግሽውን ለአከራይ ሰጠሽው» አለች ጎረቤታችን። ቀልድ ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ረዳቱ እንኳ ዞር ብሎ አየ።

እናቴ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «ባሌ ዳይሬክተር አልነበረውማ» አለች።

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። እኔ መሳቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። መልስ ይሁን ቀልድ አልለይ አልኩ፤ እስከ ፌርማታው ድረስ ሳገላብጠው ደረስኩ። ግቢ ስንገባ ነጠላዋን እያጣጠፈች «ሁሉም አለቀሰ ነበር ያልከኝ?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እስኪያለቅሱ ሳቁ ለማለት ነው» አለችና ገባች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲለቀቅ አልነገርኳትም። ከሌላ ሰምታ አንድ ቅዳሜ ጠዋት «ያን ፊልም እስቲ ክፈተው» አለችኝ። ሁለታችን ብቻ ነን። ቲቪውን ከስልኬ ጋር አገናኘሁት።

«ከመጀመሪያው?»

«አይ። ከድንኳኑ።»

የእናቴ ፊት በቲቪያችን ላይ ከራሷ ፊት ያንሳል። ድምፁም ትንሽ ነው፤ ከአጥር ማዶ ብየዳው ይጮሃል። ትንሿ ሴትዮ ስንኟን አለች፣ ደረቷን መታች። አጠገቤ ያለችው «ሰውየው ሳይመጣ አቁመው» አለችኝ።

ዘገየሁ። ሰውየው ከነቆሎው መጣ።

«መልሰው።»

መለስኩት። አሁን ደግሞ ቸኮልኩ፤ የመጨረሻውን ቃል ቆረጥኩባት። በሦስተኛው ልክ ሆነ። እናቴ ዐይኗን ጨፍና፣ አፏን ከፍታ፣ እጇ ደረቷ ላይ ሊደርስ ሲል ቆመች። እንዲህ ያለ ማቆሚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ የለም። አጠገቤ ያለችው ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ወረደ። አዳራሹ ውስጥ የሳቀችው ሴት የቷ እንደሆነች፣ ይህች የቷ እንደሆነች ማገናኘት አቃተኝ።

«ለአባዬ ነበር?» አልኳት።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

«አባዬ በር አንኳኩቶ አያውቅም።»

ዞር ብላ አየችኝ። ያልተናደደ፣ ያላዘነም፣ እኔ ስም የማላውቅለት አስተያየት ነበር። «ግጥም ትጽፋለህ አይደል?» አለችኝ።

«እጽፋለሁ።»

«እና?»

መልሴን አልጠበቀችም። በነጠላዋ ጫፍ ጉንጯን ጠረገችና «በል ልቀቀው አሁን። እሱም ይምጣ» አለች።

ለቀቅሁት። ሰውየው መጣ፣ ቆሎውን ቆረጠመ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ በመጋረጃችን እንባውን ጠረገ። አዳራሽ ውስጥ ቢሆን እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈርሰው። እሷ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየሁ። ማናችን መጀመር እንዳለብን የምንጠባበቅ ይመስል ነበር፤ ሁለታችንም አልሳቅንም።

«መልሰው» አለችኝ።