በርናባስ ውሃ የጨመረባት የባሕር ኮከብ

በርናባስ የገረሴ ሰው ነው። ሲቀላ በሚገኘው ትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ ላብራቶሪ ጠባቂ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። መጠጥ በሚከለክለው የወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን መዘምር ነበር፤ ይህ ነገር በወጣበት ወር ደግሞ ለሽማግሌነት ታጭቶ ሹመቱን ይጠብቅ ነበር። ውሸት ከአፉ አይወጣም። እኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ስንቴ ሞክሬው አንድ አላገኘሁበትም፤ ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል?

ላብራቶሪው ውስጥ ከሁሉ የምትከበረው በብልቃጥ የተቀመጠች አንዲት የባሕር ኮከብ ነበረች። የመምህርት ኪዳነምሕረት አባት ባሕር ኃይል ሳሉ ከምጽዋ ያመጧት ናት። የእኛ ተማሪ የጫሞን ሐይቅ እንጂ ባሕር አላየም፤ ባለ እሾህ ቆዳ የሚባሉትን እንስሳት የሚያውቀው በእሷ ብቻ ነው። አጠገቧ ባለው ብልቃጥ አምባዛ ዓሣ አለ።

የሲቀላ ሙቀት እንዳይበሰብሱ የተነከሩበትን አልኮል ይመጠዋል። ግዥ ክፍል አልኮል የለም ሲል መምህርቷ «በል በርናባስ፣ ጠንከር ያለ አረቄ ገዝተህ ሙላባቸው» አሉት። እሱ አረቄ ቤት? ሞቶ ነው! ደግሞ አረቄ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያናቸው ፊት ለፊት ነው። ሁለት ቀን በበሩ አልፎ ተመለሰና ውሃ አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ ሞላባቸው።

ከሦስት ወር በኋላ የኮከቧ ትምህርት ደረሰ። መምህርቷ ክዳኑን ሲከፍቱ ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ኮከቧ ፈርሳ የኖራ ፍርፋሪ ሆናለች።

«ማነው ውሃ የጨመረባት?» አሉ። በርናባስ ከክፍሉ ኋላ ቆሟል።

ሙቀቱ ነው ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ሹመቱ እሁድ ነው።

«እኔ ነኝ ቲቸር። አረቄ ቤት ስገባ እንዳልታይ ብዬ።»

የመምህርቷ እንባ መጣ። ከዚያ ተቆጡ። «እንግዲያው ና ቁም! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሃት አንተ ነህ፤ ንገራቸው!»

ነገራቸዋ! ክንዷ አምስት፣ ራስ የላት፣ አፏ በሆዷ በኩል። በሰውነቷ ቧንቧ ውሃ እየገፋች በትንንሽ እግሮች ትሄዳለች። ፍርፋሪውን አንስቶ አጽሟ ከቆዳዋ ሥር እንደሆነ አሳየ። እጭ ሳለች እንደ እኛ ቀኝና ግራ አላት አለ። ወደ አምባዛው ዞሮ ደግሞ፣ «እኛና ይሄ በሽልነታችን የጀርባ ዘንግ፣ ከዘንጉ በላይ የነርቭ ገመድ፣ የጉሮሮ ስንጥቅና ጅራት አለን» አላቸው።

«ታዲያ ከኮከቧ ጋር ምን አዛመደን?» አለች ኢየሩስ የምትባል ተማሪ።

ላብ አጠመቀው። «በሽል ላይ... መጀመሪያ የሚከፈተው ቀዳዳ... አፍ አይሆንም፤ መቀመጫ ነው የሚሆነው። የእሷም የእኛም። በቀንድ አውጣና በመሰሎቹ ግን አፍ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህርቷ አልሳቁም።

«አምባዛውስ?» አሉት።

«እሱም በውሃ ነው ያለው፤ ገና አልፈረሰም።»

በዚያው ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መዘምራኑ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመው እያዩት ጄሪካን አንጠልጥሎ አረቄ ቤት ገባ። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጠየቁት። ለዓሣ ነው አላቸው፤ ማን ይመን! እሁድ ሽማግሌዎች ሲሾሙ ስሙ ሳይጠራ ቀረ።