ከኪሴ ያላወጣሁት ወረቀት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የበላሁትን ጾም፣ የመታሁትን ሰው፣ በወሰን ጠብ የማልሁትን ሐሰት ሁሉ ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አላነሳሁትም። ነገሩ የኮምፒውተር ስለሆነ ቄሱ አይገባቸውም እያልሁ ራሴን አታለልሁ። ኮምፒውተሩ ምን አደረገ? ያደረግሁት እኔ ነኝ። እናንተ የምታነቡት ስሙኝ፤ ፍርዱን ለእናንተ ትቸዋለሁ።

ተገኘ እባላለሁ። ደባርቅ ላይ የበቅሎ ጫኞች ማኅበር ተራ አስከባሪ ነበርሁ። ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ እንግዳ ሲመጣ ዕቃውን የሚሸከሙት በቅሎዎች በተራ ነው የሚወጡት፤ ያን ተራ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በጎልማስነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ቀስ እያልሁ አነባለሁ። ስሜንም እጽፋለሁ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ተራውን የምይዘው በጠጠር ነበር። አግዳሚ ላይ ለየበቅሎው አንድ አንድ ጠጠር እደረድራለሁ። የፊተኛው ሲወጣ ጠጠሩን አነሳና የቀሩትን ወደፊት እገፋቸዋለሁ። በእኛ ሥራ አንደኛ የሚባል በቅሎ የለም፤ አንደኛ የሚባለው ቦታው ነው። ሌላም ልማድ ነበረኝ። በቅሎ ከመጫኗ በፊት ከጭነቱ ስር የምትለብሰውን ድሪቶ ገልጬ እጄን ጀርባዋ ላይ አሳልፋለሁ። ጭነት የላጠው ቁስል፣ ገጣባ የምንለው፣ ያለባት በቅሎ በዚህ እጄ ስር አልፋ አታውቅም ነበር። ነበር ነው የምለው።

ኋላ ማኅበሩ ተራው በስልክ የሚታይ ይሁን አለ፤ ጎንደር ያሉት እንግዳ አምጪዎች እዚያው ሆነው እንዲያዩት። ሥራውን ለትርንጎ ሰጧት። ትርንጎ የዳባት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ተምራ የተመለሰች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ የጠየቋትን ሁለት ጊዜም ሦስት ጊዜም የምታስረዳ። የያዟት በሙከራ ነበር። የስልኩ ገጽ ከሰመረ ቋሚ ሊያደርጓት፣ እሷም ደባርቅ ቤት ይዛ እናቷን ልታመጣ።

በቅሎ ሁሉ ይመዝገብ ተባለ። እኔ እምቢ አልሁ። «የበቅሎዬን ስም ለስልክ አልሰጥም» ብዬ ሦስት ሳምንት ተገተርሁ። ሰው ሁሉ ተመዝግቦ ሲያልቅ ብቻዬን ቀርቼ ሄድሁ። የመጨረሻው ቁጥር ደረሰኝ፤ አርባ አንድ። ትርንጎ ደግሞ ያንኑ የመዝገብ ቁጥር የማይለወጥ የበቅሎ መለያ አድርጋው ኖሯል። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከስሜ አጠገብ አርባ አንድ ይላል። ተራ አስከባሪው፣ ሽማግሌው፣ አርባ አንድ!

ጫኞቹ መቼ ይተውኛል።

«አርባ አንድ መጡ፣ ተነሱላቸው!» ይላል አንዱ።

«ኧረ ተቀመጥ፣ እሳቸው እስኪደርሳቸው ገና አርባ ሰው አለ» ይላል ሌላው።

እስቃለሁ። ማታ ግን ገጹን ከፍቼ ያችኑ ቁጥር አያታለሁ። ለዚህች ለአንዲት ቁጥር ስል ነው እንግዲህ ያን ሁሉ ያደረግሁት። ሌላ ምክንያት ብፈልግ አጣሁ።

ትርንጎን ጠርቼ «ቁጥሩ በሰልፍ ይሁን» አልኋት። «ከላይ ያለው አንድ፣ ተከታዩ ሁለት። እኛ ዘንድ ወጉ ይኸ ነው።»

«እሱማ ይቻላል፣ አያ ተገኘ። ለዓይን የሚታየውን በሰልፍ አደርገዋለሁ። የውስጡን መለያ ግን ባልነካው ይሻላል።»

«ከውስጡም ይጥፋ! አርባ አንድ የሚባል ነገር ከውስጥም ከውጭም ማየት አልፈልግም።»

አልተቆጣችም። ቁጭ አለችና አስረዳችኝ። ገጹ በስልክ ሲከፈት መጀመሪያ ባዶ ነው አለች። የበቅሎዎቹን ረድፍ እዚያው በዚያው የሚሠራው ጃቫስክሪፕት የሚሉት ትእዛዝ ነው፤ በየረድፉም ላይ መለያ የሚለጥፈው እሱ ነው። አይዲ ይሉታል። ገጣባ ያለባት በቅሎ እንዳትጫን ረድፏ ቀይ ይደረጋል፤ ገጹ ያን ቀይ የሚያስታውሰው በዚያ መለያ ነው። ፊቴን አየችና ነገሩ እንዳልያዘልኝ ገባት።

«ጠጠሮችዎን ያውሱኝ እስቲ።»

ሰባት ጠጠር አግዳሚው ላይ ደረደረች። ከአራተኛው ጠጠር ስር እንጨቱን በቀይ እስክሪብቶ አሰመረችበት።

«ይህች አራተኛዋ ገጣባ አለባት። መለያው የቦታው ከሆነ ቀዩ የተሰመረው እንጨቱ ላይ ነው፣ ጠጠሩ ላይ አይደለም። ይዩ እንግዲህ።» የፊተኛውን ጠጠር አነሳችና የቀሩትን ገፋቻቸው። ቁስለኛዋ ሦስተኛው ቦታ ላይ ደህና መስላ ተቀመጠች። ቀዩ በሌላዋ፣ በጤነኛዋ ስር ቀረ። «ገባዎት?»

«ገባኝ» አልሁ።

ገባኝ። ስሙኝ፣ ገባኝ! አልገባኝም ማለት የምችልበትን በር እዚያው ነው የዘጋሁት። በገዛ ጠጠሬ፣ በገዛ አግዳሚዬ ላይ ነው ያሳየችኝ። ዕድሜ ልኬን ስገፋው የኖርሁትን ነገር እንዴት አይገባኝ?

«እንግዲያው ይቅር?» አለችኝ።

«አይቀርም። ሰልፉ በተገፋ ቁጥር ቀዩን እኔ ራሴ አዛውረዋለሁ። ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

ወረቀት አወጣችና ጻፈች። ቁጥሩ በሰልፍ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ፣ አደጋውን ትርንጎ በጠጠር አሳይታኛለች፣ ምልክቱን እያየሁ የማስተካክል እኔ ነኝ የሚል ነው። ላንብብልዎ ስትለኝ ተቆጣሁ። «ዓይን የለኝም?» ብዬ ተቀበልኋትና ጣቴን እያስከተልሁ ከላይ እስከ ታች አነበብሁት። ተገኘ ብዬ ፈረምሁ። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ልታነሳው ስትል፣

«ምነው ልጄ፣ አታምኚኝም?» አልኋት።

አፈረች። ስልኳን መለሰችና «እርስዎው ዘንድ ይቀመጥ፣ ትልቅ ሰው ነዎት» ብላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አጥፌ ከኮቴ የውስጥ ኪስ ከተትሁት።

የበቅሎዋ ነገር ከዚህ ይቀጥላል።

እትየ ውባለም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ከደባርቅ ወረድ ብላ ነው የምትኖር። ያላት አንዲት በቅሎ ናት፤ ዳማ ትላታለች። ከአውድማ ገብሷን የምታመጣላት፣ ወፍጮ የምትሄድላት፣ ተራዋ ሲደርስ ደግሞ እንግዳ የምትጭን እሷው ናት። አንድ ቀን መጣችና «አያ ተገኘ፣ ዳማ ገጣባ ወጥቶባታል፤ ሰልፍ ላይ ትቆይልኝ እንጂ እስኪድንላት እንዳትጠሯት» አለችኝ። ዳማ አራተኛ ነበረች። ቀይ አደረግኋት። እትየ ውባለም ልጇ ልትወልድ ስለ ደረሰች ዳማን ለወንድሟ አደራ ሰጥታ ዳባት ወረደች።

በማግስቱ ከፊት ከነበሩት አንዱ ለቅሶ ደርሶበት ተራውን ለቀቀ። ስሙን ከገጹ አወጣሁት። ሰልፉ ተገፋ። አየሁት። ዳማ ሦስተኛ ላይ ነጭ ሆነች፤ ከኋላዋ የነበረችው ጤነኛ በቅሎ ቀላች። ልክ እንደ ጠጠሩ። ረሳሁ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ አልረሳሁም። ጫኞቹ ከብበውኝ ነበር። ቀዩን ባዛውር ምን ሆነ ብለው ይጠይቁኛል፤ የሰልፍ ቁጥር እንዲህ ያደርጋል ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ አርባ አንድ እንደገና ሊነሳ ነው። ሲበተኑ አስተካክለዋለሁ ብዬ ስልኩን ደፋሁት። ተበተኑ። እኔም ቤቴ ገባሁ።

ንጋቱ ላይ ብዙ እንግዳ መጣ። ገጹ ዳማን ጠራ። ወንድምየው ድሪቶውን አልብሶ ጎትቶ አመጣት።

«አያ፣ እኅቴ ቆስላለች ብላኝ ነበር'ኮ» አለኝ።

ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄ ወደ ድሪቶው ሄዳ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ ሄዳ ነበር። መለስኋት። ገልጬ ባይ ያዘዝሁትን ገጽ ራሴ አላመንሁትም ማለት አይደል? «ገጹን እይ፤ ነጭ ናት። ድናለች፣ ጫን» አልሁት። ድና ይሆናል ብዬ ነበርን? በሦስት ቀን የሚድን ገጣባ አይቼ አውቃለሁን? አላውቅም። ጫን አልሁት፤ ጫነ።

ወደ ተራራው ሲወጡ ቡይት ራስ የሚባለውን ቦታ አልፈው ዳገቱ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። በማግስቱ ባዶዋን እየጎተተ ሲመልሳት አየኋት። ጀርባዋ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ተገልጧል፤ ዝንብ ይወራታል። አልሞተችም። ግን ከዚያ ወዲህ ዳማ ጀርባ ላይ አንዲት ቁና እንኳ አልወጣችም። እትየ ውባለም ገብሷን በራሷ ጀርባ ነው የምታመላልሰው። መንገድ ላይ ጎንበስ ብላ ስትመጣ ሳያት መንገድ እለውጣለሁ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። እትየ ውባለም ከዳባት ተመልሳ መጣች፤ ተቀመጪ ቢሏት እምቢ አለች።

«ቀይ ነበረች ትላላችሁ፤ ማን አነጣት? ይህን ብቻ ንገሩኝ» አለች።

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ። ትርንጎ ተነሳች። መለያው በሰልፍ እንዲሆን ታዝዛ እንደ ሆነ፣ አደጋውንም በጠጠር አሳይታ እንደ ነበር፣ ወረቀትም እንደ ተፈረመ ተናገረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ልብ አድርጉ፣ በቁጣ አይደለም። አሁን ወረቀቱን ያወጣዋል ብላ በደህና ፊት ነው የዞረችው።

እኔ ምን አልሁ?

«እኔ ማይም ነኝ፣ ልጄ» አልሁ። «ኮምፒውተር የት አውቄ? ምን ወረቀት? ሲያስፈርሙኝም ጣቴን ማተም ነው የማውቀው።»

ማይም ነኝ አልሁ። ይህችን ቃል ነው የምናዘዘው። ከዳማ ጀርባም ይህች ትብሳለች። ሳላነብ የፈረምሁ ሰው አስመሰልሁ፤ ከዚያም አልፌ ፊርማውን ካድሁ። ወረቀቱ ያን ጊዜ የት ነበር? ኮቴ ኪስ ውስጥ፤ ስተነፍስ ደረቴን ይነካኛል።

«የተማሩት እንዲህ ናቸው፤ ሲያበላሹ በሽማግሌ ያላክካሉ» አለ የኮሚቴው ሰብሳቢ።

«አያ ተገኘ» አለች ትርንጎ። ዓይኗ ኮቴ ላይ፣ ልክ ኪሱ ላይ አረፈ። አውቃለች። ይፈተሽልኝ ብትል ይገኝ ነበር። በጉባኤ መሐል የሽማግሌ ኪስ ይፈተሽ ማለት ከበዳት፤ እኔም እንደሚከብዳት አውቄ ነው የዋሸሁት። ደግነቷን ቆጥሬ ነው የዋሸሁት! ይህን ምን ይሉታል?

አሰናበቷት። ወሬው ከእሷ ቀድሞ ዳባት ገባ፤ የመበለት በቅሎ ያስገደለች፣ ሽማግሌ የምትወነጅል ተባለች። በቅሎዋ ሳትሞት ሞተች አሉ። ትርንጎ ሥራ በጠየቀችበት ሁሉ ይህ ስም ቀደማት። አሁን ዳባት ላይ የሰው ስልክ ትጠግናለች፤ እናቷም እዚያው የጥንቱ ቤት ናቸው። ገጹን ሌላ ሰው ተረከበ፤ ተረክቦም ያደረገው መለያውን ወደ መዝገብ ቁጥሩ፣ እሷ መጀመሪያ ወደ ሠራችው መመለስ ነው። እኔ እንደገና አርባ አንድ ሆንሁ። ማንም አልሳቀም። ነገሩን ሁሉ ረስተውታል።

ይህን ሁሉ ውጬ እኖር ነበር። ባለፈው ከአምባ ጊዮርጊስ ስመለስ ዳባት ላይ ሚኒባስ ልለውጥ ወረድሁ። የደባርቁ ሞልቷል። ረዳቱ እኔንም ከኋላዬ የቆመችውን ልጅም ተመለሱ አለን። ከውስጥ ግን አንዲት ሴት ተነሳች።

«ይቀመጡ፣ አያ ተገኘ። እኔ በሚቀጥለው እሄዳለሁ።»

ትርንጎ ናት። እጄን ይዛ አስገባችኝ። ከረጢቴን እግሬ ስር አስተካከለችልኝ። «ደህና ሰነበቱ?» አለችኝ። ደህና አልኋት። ወንበሯ ላይ ተቀመጥሁ። ሥራዋን ወስጄ፣ ስሟን ወስጄ፣ ወንበሯንም ወሰድሁ። ደባርቅ እስክንገባ ድረስ ወረቀቱ ደረቴን ወጋኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይህን መጻፍ የያዝሁት። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያልሁ፣ በራሴ እጅ። ማንንም ጻፍልኝ አላልሁም። ይቅር በሉኝም አልል። ሽማግሌ ነው፣ አርጅቶ ነው፣ አልተማረም እንዳትሉልኝ፤ በዚያ ልብስ አንድ ጊዜ ተሸፍኜበታለሁ።

መጀመሪያ ዳባት ወርጄ ለትርንጎ አነብላታለሁ። ቀጥሎ እትየ ውባለም ደጅ ሄጄ ማን እንዳነጣት የጠየቀችውን እመልስላታለሁ፤ የእኔ በቅሎ ከዛሬ ጀምሮ ገብሷን ትጫንላት፣ ይህ ግን ካሣ ነው ብዬ አልቆጥረውም። ከዚያ እሁድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ትርንጎ የጻፈችውን ወረቀት አወጣለሁ። ሰብሳቢው አምጣው ላንብበው ቢለኝ አልሰጠውም። ቆሜ፣ ጣቴን እያስከተልሁ፣ ከላይ እስከ ታች እኔው ራሴ አነበዋለሁ። ቢስቁም ይሳቁ። ብዘገይም ይጠብቁኝ። የመጨረሻዋ ቃል ተገኘ የምትለው ናት፤ እሷንም አነባታለሁ።