ጫካ ልንገባ ነው

ሹራብ አንገቴን በበላኝ ቁጥር ከትዝታው ንዴቱ ይቀድመኛል። ባለፈው ልጄ ስልኳን እያሳየች፣ "እማዬ፣ ባሌ ተራሮች ማደሪያ ይዣለሁ፤ ብርዱ ኃይለኛ ነው አሉ፣ እስቲ ይሄን ሞክሪው" ብላ አንድ ወፍራም ሹራብ በራሴ አጠለቀችልኝ። የሱፉ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው እሷን እዚያው ትቼ በሐሳቤ ናዝሬት ገባሁ። ደሜ ፈላ። እሷ ምን ታድርግ፣ አታውቅም።

ይኸውልህ፣ ዘመኑ ደርግ ነው፤ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። የሳይንስ መምህራችን ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ ጋሼ ነበር የምንለው። የተፈጥሮ ክበብ አቋቁሞ ጥቂት ልጆች ሰበሰበና፣ ትምህርት ሲዘጋ ባሌ ተራሮች ፓርክ ሊወስደን አሰበ። ሰሌዳው ላይ በቀይ ጠመኔ ቀይ ቀበሮ ሣለልን። "ከአገራችን በቀር የትም የለችም፤ ሳታዩአት እንዳታድጉ" አለን። ከዚያን ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ዲንሾ፣ የሳነቲ ሜዳ፣ የሐረና ጫካ እያልን የፓርኩን ቦታዎች ስም ብቻ ስንጠራ እንውላለን።

ከዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የሚያመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር፣ የአንደኛው ልጅ አባት፣ ከጭነቱ ጋር ጭኖ በአሰላ በኩል ሊያደርሰን ቃል ገባ። እናቶቻችን ሹራብ ሠሩልን። በዚያ የናዝሬት ፀሐይ ሹራብ ለብሰን፣ ላብ በጀርባችን እየወረደ፣ ብርድ ለመልመድ ግቢውን እንዞራለን። ጎረቤታችን የነበሩት እናት በአጥር አሻግረው፣ "ያ ዋቅ፣ እነዚህን ልጆች ሙቀቱ ራሳቸው ላይ ወጣ እንዴ?" ይሉን ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ልጅም ከእኛ ጋር ነበረች። አባቷ መምህሩን መንገድ ላይ አቁሞ፣ "ብርድ እንዳይመታት፣ አደራ" ሲለው እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ይቺን ነገር ያዝልኝ።

ስንቃችን በሶ ነበር። አንድ ቅዳሜ የልብ ጓደኛዬ የሁላችንንም የተቆላ ገብስ ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች፤ እኔም አብሬያት ነበርኩ። ወፍጮው ይጮኻል፣ ቤቱ በዱቄት ብናኝ ነጥቷል፣ ሰው ተሰልፏል። ባለ ወፍጮው ሊቀልድባት ፈልጎ፣ "ይሄ ሁሉ በሶ ለማን ሠርግ ነው?" አላት። እሷም ወፍጮውን ለመብለጥ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ጫካ ልንገባ ነው፤ ከመምህራችን ጋር" አለችው።

ሐረናን ማለቷ ነበር። ግን ያኔ ጫካ ገባ የሚባለው ጠመንጃ ይዞ መንግሥትን ሊወጋ የወጣ ሰው ነው። በዚያ ላይ በሶው! ወረፋው ውስጥ የቆመ አንድ አብዮት ጠባቂ ቀና ብሎ አየን። እህሉን ሳያስፈጭ ወጣ።

በማግስቱ ቀበሌ ተጠራን፤ ወላጅም ልጅም። አዳራሹ በሰው ትንፋሽ ታፍኗል። ሊቀ መንበሩ መምህሩን ከፊት አቁሞ፣ "ልጆቻችንን ጫካ ልታስገባ የመለመልከው አንተ ነህ?" አለው።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ የሐረና ጫካ ነው። ዛፍና አውሬ ልናይ ነው።"

"ናዝሬት ውስጥ ዛፍ ጠፍቶ ነው?"

ሰው ሳቀ። ሳቀ እልሃለሁ! ሹራብ የሠሩት እናቶች፣ በመኪናው ሊያደርሰን ቃል የገባው ሾፌር፣ ሁሉም ያውቃሉ። ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ደግሞ ጠያቂው ራሱ ነው። መምህሩ የሊቀ መንበሩን ልጅ አያት፤ ከአጠገቤ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። "ልጅህም አለችበት፣ አንተው ፈቅደሃል" ቢል ይበቃው ነበር። አላለም። ልጅቷን ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሊያስነሳት አልፈለገም። እኔ ልነሳ ስል እናቴ ጭኔን ቆንጥጣ፣ "አፍሽን ያዢ፣ ልታስጨርሺን ነው?" አለችኝ። መምህሩን ይዘውት ወጡ። ሊቀ መንበሩ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ፤ የስኳር እደላ ነበር።

ሊቀ መንበሩ ፈርቶ ነው ይሉኛል ዛሬ፤ ወሬው ወደ ላይ ደርሶበት ነበር፣ ምን ያድርግ ይሉኛል። ይፍራ፣ ማን ያልፈራ አለ? ግን የሚያውቀውን እንደማያውቅ ሆኖ በሰው ልጅ ላይ መቀለድ ፍርሃት ነው እንዴ? ኧረ ተወኝ። ሰውየው አርጅቶ፣ ተከብሮ ነው የሞተው።

ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ያቺ ለፍላፊ ልጅ አልሆነችም። በእኔ አፍ ታሰረ ትላለች። አንቺ ምን አደረግሽ ብላት አትሰማኝም።

መምህሩ ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት ሲመጣ ተፈታ። መናኸሪያው አጠገብ ጋሪ ሲጠብቅ አገኘነው። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ኮቱ ከትከሻው ሰፍቶታል። መሸሽ አሰኘን፤ እሱ ግን ስማችንን ጠርቶ ሳመንና በዚያው ዝግ ባለ ድምፁ፣ "እናንተስ ሄዳችሁ?" አለን።

ያለ እሱ ማን ሊወስደን ኖሯል? አልሄድንም ልል አፌን ስከፍት ጓደኛዬ ቀደመችኝ።

"ሄድን ጋሼ።"

"አያችኋት?"

"አየናት። መንገድ ዳር ቆማ ነበር፤ አልሸሸችም።"

"ቀይ ናት?"

"ቀይ ናት ጋሼ። እርስዎ እንደሣሏት ናት።"

ፊቱ በራ። "ተመስገን" አለና ጋሪው ላይ ወጣ። ጋሪው እስኪታጠፍ ጓደኛዬ እጇን ስታውለበልብ ቆየችና፣ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብላ ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ቀበሮዋን እሱ ራሱ አንድም ቀን በዓይኑ አይቷት እንደማያውቅ የሰማሁት ከእህቱ ነው፤ እሱ የሞተ ጊዜ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን።