ከማንጎው ሥር የተነሱት ወንድማማቾች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ቁም ሳጥን ስታጸዳ አንድ ከባድ ጥቁር ነገር ይዛ መጣች። «አባዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የድሮ ሬዲዮ?» አለችኝ። ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስጫናት ፊቱ ተከፈተና ሽንሽን ቆዳው ሌንሱን ይዞ ወደ ፊት ተዘረጋ። ልጄ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ካሜራ መሆኑን ስነግራት ባትሪው የት እንደሚገባ ጠየቀችኝ። ባትሪ የለውም ብላት አላመነችኝም። እኔም በመጀመሪያው ቀን አላመንኩም ነበር።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ሸዋ ሮቢት ሳይንስ እንዳስተምር ተመደብኩ። ደብረ ሲና ላይ የደረብኩትን ሹራብ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ አወለቅኩት፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ አላስፈለገኝም። ካሜራውን ያገኘሁት አጣዬ ገበያ፣ አሮጌ ሬዲዮና የከሰል ካውያ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ ነው። ሰውየው ራሱ ምን እንደሚሸጥ እርግጠኛ አልነበረም። «ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ የጀርመን ዕቃ ነው» ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም። እኔ ደግሞ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ነገር አይቼ ማለፍ አይሆንልኝም።

ቤት ወስጄ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩና ውስጡ የእጅ ባትሪ አበራሁ። ከሽንሽኑ እጥፋት ላይ ሦስት ቦታ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ወጣች። ጫማ ሰፊው ስስ ጥቁር ቆዳ ቆርጦ በማስቲሽ ደፈነልኝ። «እኔ የማውቀው ውሃ እንዳይገባ መስፋት ነው፤ ብርሃን እንዳይገባ ብሎ የመጣ ሰው አንተ የመጀመሪያዬ ነህ» እያለ ሳቀብኝ።

ፊልሙን፣ ፎቶ ቤቶች የሚጠቀሙበትን ሰፊውን ዓይነት፣ አንድ ባልደረባዬ ከአዲስ አበባ አመጣልኝ። አንዱ ጥቅል ስምንት ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። በካሜራው ጀርባ ባለችው ቀይ መስኮት ቁጥሩን እያየሁ እጠመዝዛለሁ። የማሽላ መጠበቂያ ማማ፣ ሽንኩርት የተጫነች አህያ፣ ወንዙ፣ እንደገና ወንዙ፣ «ምን ይወጣ ይሆን?» እያልኩ ሰባቱን ጨረስኩ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ስምንተኛው ሲቀር አከራዬ ጋሼ ሰይድ በሬን አንኳኩ። የማንጎ አትክልት የነበራቸው፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ከታላቅ ወንድማቸው ከጋሼ ይማም ጋር በመስኖ ውሃ ተራ ተጣልተው ለዓመታት ሳይነጋገሩ መኖራቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በዚያ ሳምንት ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸው ታላቅየው ከሚኖሩበት ከማጀቴ ከተማ መጥተው ነበር።

«መምህር» አሉኝ ጋሼ ሰይድ፣ «ነገ ይሄዳል። ታሟል፤ ተመልሶ መምጣቱን እንጃ። አብረን የተነሳነው አንድም ፎቶ የለን።»

«አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፣ ጋሼ።»

«አልሀምዱሊላህ! አንድ አይበቃም እንዴ?»

በማግስቱ ጠዋት ከማንጎው ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ጋሼ ይማም በደንብ አይሰሙም፤ በትራቸውን ይዘው ካሜራውን በጥርጣሬ ያዩታል። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁ፣ ካሜራውን በርጩማ ላይ አስደገፍኩ። ጥላው ጠቆር ስላለብኝ የሌንሱ መዝጊያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ክፍት እንዲቆይ አደረግኩና እንዳይንቀሳቀሱ አስጠነቀቅኳቸው። የታጠበ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ትከሻ ለትከሻ ሲቀመጡ፣ ቂሙ እንዳልነበረ ሆኖ ታየኝ። ጓጉቼ፣ ጋሼ ይማምም እንዲሰሙኝ ብዬ ቁልፉን እየተጫንኩ ጮኽኩ።

«እሺ፣ አሁን ተነሱ!»

ፎቶ ተነሱ ማለቴ ነበር። ጋሼ ይማም ግን ታዘዙ። በትራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ታላቅ ሲነሳ ታናሽ ተቀምጦ አይቀርምና ጋሼ ሰይድም ተከትለው ተነሱ፤ ወንድማቸው ሲንገዳገዱ ክንዳቸውን ያዙ። መዝጊያው ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ቀይዋ መስኮት ስምንት እንዳለች ቀረች።

ካሜራውን አጥፌ ያዝኩ። ጋሼ ይማም በአስር ሰዓቱ መኪና ሄዱ። ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ ሳይመለስ መሞታቸው ተሰማ።

ፎቶው ሲመጣ እንደፈራሁት ነበር። ሁለት ፊት የለሽ ነጭ ልብሶች። ከሁሉም የሚለየው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የወንድማቸውን ክንድ የያዘ የጋሼ ሰይድ እጅ። ሁለት ቀን ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን ኀፍረቴን ውጬ ሰጠኋቸውና ይቅርታ ለመንኩ።

ጋሼ ሰይድ ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ምን አጠፋህ?» አሉ በመጨረሻ። «አንተ እኛን ስታነሳ፣ እኔ ወንድሜን ሳነሳው ነው እኮ። ያን ያህል ዓመት ሳላነሳው ኖሬ!» ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ከተው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጥርት ያሉ ፎቶዎች አንስቻለሁ፤ አብዛኞቹ የት እንዳሉ እንኳ አላውቅም። ያ የተበላሸው ግን ጣቶቹ ሳይቀሩ ይታየኛል። ልጄ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ስልኳን አወጣች።

«በል አባዬ፣ ከነካሜራህ ላንሳህ። ውጪ ብርሃን አለ።»

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም።

«በመጀመሪያ አንሺኝ» ብዬ እጄን ዘረጋሁላት።