በቀርከሃ ወንድ ያደረግነው ሳይክል

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ባለው አገር ሳይክልን እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሌላ ሰው ስለማይልልኝ ነው። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያውን ሳይክል ጥላ ሥር አጋድሜ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈታሁት፤ መልሼም ገጠምኩት። ስጨርስ ጥቂት ብሎኖች ተረፉ። የከበቡኝ ሰዎች ሳቁ። ሳይክሉ ግን ከበፊቱ ቀለል ብሎ ሄደ። ከፋብሪካው ሰዎች የምሻልበት ነገር እንዳለ ያን ቀን ገባኝ።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ገበያ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤት ሳይክል እጠግን፣ ሳይክል እሸጥ ነበር። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክሎች ግድግዳ ተደግፈው አቧራ ይጠጣሉ። ስለዚህ አስተማሪውም፣ ጸሐፊውም፣ ወንጌል ሰባኪውም ወደ እኔ ይመጣል። ሁሉም የሚመጣው ያንኑ ስሕተት ይዞ ነው፤ ትልቁን ሳይክል ይፈልጋል። በእኛ አገር የተከበረ ሰው መንገድ ሲወጣ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። በቅሎ ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት ሊነካ የደረሰ ሰው ካዩ “ጥጃ ጋለበ” ይሉታል። ይህን ፈርቶ ቁመቱ ከብብቴ የማያልፍ ሰው ሁሉ ትልቁን፣ ጎማው ሃያ ስምንት ኢንች የሆነውን፣ ባለ ሃያ ስምንቱን አምጣ ይላል። ድንጋይ ላይ ቆሞ ይወጣበታል፤ ለመውረድ ግን ሌላ ድንጋይ ማግኘት አለበት። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሚወርድበት ድንጋይ አጥቶ ከቢሮው እስከ ወፍጮ ቤት ሲመላለስ አርፍዷል። ሰዎች ሰላም ሲሉት በትሕትና ይመልሳል እንጂ ያዙኝ ማለት አፍሮ ነበር።

እኔ ሰውን የምለካው በራሱ አካል ነው። መጀመሪያ ሳይክሉን በእግሮቹ መሃል አድርጎ በሁለት እግሩ መሬት ላይ ይቆማል። የላይኛው ብረት ሱሪውን ከነካው ያ ሳይክል የሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ ክርኑን ከመቀመጫው ጫፍ ያስነካና ክንዱን ወደ መሪው ይዘረጋል። ጣቶቹ መሪውን ለመንካት ከደረሱ ልኩ ነው። ካልደረሱ አቀበት ላይ ወገቡ ያልቃል፤ ካለፉ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጣላል። ይህን ዘዴ ያገኘሁት በራሴ ጭንቅላት ነው። ፈረንጆችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ በኋላ ሰማሁ። ከማን እንደሰሙ አላውቅም።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ድሬሰር፣ የጤና ረዳት ማለት ነው፣ ነበር። አጭር ነው። ቤተሰባቸው ሁሉ አጭር ነው፤ ባለቤቴም ጭምር፤ ይህን ስጽፍ ግን አጠገቤ የለችም። የተመደበው ከሞርሲቶ ወዲያ ባለች መንደር ሲሆን ሥራው ሕፃናትን መከተብ ነው። መድኃኒቱ የሚቀመጠው ሆሳዕና ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሆነ በክትባቱ ቀን በረዶ በሞላው ሳጥን አድርጎ እስከ መንደሩ ማድረስ አለበት። በረዶው ከቀለጠ መድኃኒቱ ይበላሻል።

ያለፈው ጊዜ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። ሲደርስ በረዶው ውሃ ሆኗል። ከየኮረብታው ልጅ አዝለው የመጡት እናቶች እያዩት መድኃኒቱን ደፋ። አንዲት ሴት ልጇን መልሳ እያዘለች፣ “ደግመህ ውሃ ይዘህ እንዳትደክም፣ ውሃስ እኛም ምንጭ አለን” አለችው።

ይህን ሲነግረኝ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

“ጋሼ፣ ኩፍኝ አጠገባቸው ያለው መንደር ገብቷል። ልጆች ተቀብረዋል። ሁለተኛ ውሃ ይዤ ከሄድኩ አንዲትም እናት አትመጣልኝም” አለኝ።

ሳቄን ተውኩና አስተካክዬ ላስታጥቀው ተነሣሁ።

በዚያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ ሁለት ሳይክል ነበረኝ። አንዱ ጥቁር ባለ ሃያ ስምንት ነው። ደወሉ ያብረቀርቃል፣ መብራት አለው፣ ጎማው ጣት ያህል ቀጭን ነው። አስፋልት ቢያገኝ እንደ ወሬ ይሮጣል፤ አስፋልቱን ግን ከየት ያመጣዋል? ሌላው ወደ አገሯ የተመለሰች የሚሲዮን ነርስ ጥላው የሄደችው ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ጎማው ወፍራም ነው፣ ሦስት ማርሽ አለው። ድሬሰሩን ለካሁት፤ ክርኑም ጣቱም ልክ ገጠመ። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። የሴት ሳይክል ስለሆነ ከመቀመጫው ወደ መሪው የሚሄደው የላይኛው ብረት የለውም።

ይህ በሆነ ማግስት አማቴ፣ የድሬሰሩ አባት፣ ከአንጋጫ በበቅሎ መጡ። ልጃቸው የመንግሥት መድኃኒት ተሸክሞ በሕዝብ ፊት ሊሄድ ነው ሲባል ሰምተው አጀቡን ሊመሩ ነው የመጡት። እኔ ሀድያ ነኝ፣ እሳቸው ከምባታ፤ የምንግባባው በአማርኛ ነው፣ ብንነጋገር ኖሮ ማለቴ ነው። በእነሱ ቤት ደንብ አማች አማቱን ፊት ለፊት አይከራከርም፤ አማትም አማቹን አይቆጣም። በመሃል ሰው ያስፈልጋል። የመሃል ሰዋችን ባለቤቴ ነበረች።

አማቴ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀው ተቀመጡና በከዘራቸው ሳይክሉን ጠቆሙ።

“ልጄ፣ ባልሽን ጠይቂልኝ። ይህ የመሃል ብረቱ የጎደለው ተሰብሮ ነው?”

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። “ተሰብሮ ነው ወይ ይሉሃል።”

“አልተሰበረም በያቸው። ሴቶች በቀሚስ እንዲወጡበት ሲሠራም እንዲህ ነው።”

“ሴቶች በቀሚስ እንዲወጡበት ነው ይላል፣ አባባ።”

አማቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። “ታዲያ ልጄ በሴት ኮርቻ ነው በሰው ፊት የሚሄደው?”

ድሬሰሩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ “አባባ፣ አብዮቱ እኮ ሴትና ወንድ እኩል ነው ብሏል” አላቸው።

“አብዮቱ ይበል። አብዮቱ አንጋጫ ገበያ አይወጣም፤ እኔ ግን በየሳምንቱ እወጣለሁ።” ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ባለ ሃያ ስምንቱ መለሱት። “ያውና ሳይክል። ባልሽ ያንን ለማን አስቀምጦት ነው?”

“ልጅዎ እዚያ ላይ የሚወጣው በመሰላል ነው በያቸው” አልኩ።

“ትንሽ ከፍ ይላል ይላል፣ አባባ” አለች ባለቤቴ።

ይሞክር ተባለ። ድሬሰሩ ባለ ሃያ ስምንቱ ላይ ወጣ፤ በእግሩ ጣት መሬት ሲፈልግ መሬቱ ራቀበትና እንደተቆረጠ እንሰት ቀስ ብሎ ተጋደመ። አማቴ ያን ጊዜ ገበያውን ያዩ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ክርክር ይቀጥላል። እኔ ግን ወጥቼ ደረቅ ቀርከሃ ቆርጬ መጣሁ። ከመቀመጫው ሥር እስከ መሪው ለካሁት፣ በሁለቱም ጫፍ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት፣ የተረፈ ጥቁር ቀለም ቀባሁት። ሲደርቅ ፋብሪካው ራሱ አይለየውም። አማቴ በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት።

“አሁን ወንድ ሆነ” አሉ ለልጃቸው።

ሰው ሁሉ ቀርከሃውን ሲያደንቅ ዋናውን ሥራ የሠራሁት ከታች ነው። የአገራችን መንገድ እሾህ ስለማያጣው ያረጀ ጎማ ሰንጥቄ በውጪውና በውስጡ ጎማ መካከል አነጠፍኩ። አየሩንም ቀነስ አደረግሁ። ሰው ጎማውን እንደ ድንጋይ ካላጠነከረ የተነፋ አይመስለውም፤ ጎማ ግን ድንጋይ ላይ መተኛት አለበት እንጂ መዝለል የለበትም። የፍሬኑ ጎማ አልቆ ስለነበር ከአሮጌ በረባሶዬ ተረከዝ ቆርጬ አዲስ አበጀሁለት። በረባሶ ከመኪና ጎማ የሚሠራ ጫማ ነው፤ እግሬን ለዓመታት ችሎ የኖረ ነገር ድሬሰርን ማቆም አያቅተውም። ካቴናውን ግን ቅቤ አልቀባሁትም። ቀድሞ ለአንድ አስተማሪ ቀብቼለት የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ትምህርት ቤት ድረስ ሸኝቶታል።

የክትባቱ ቀን ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ድሬሰሩ ሳጥኑን ከኋላው መጫኛ ላይ አሰረ። አማቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በበቅሎ ተከተሉ። እኔም ሥራዬ ሲሄድ ማየት ስለምወድ ሄድኩ። የቀረው ባለ ሃያ ስምንቱ ስለነበር፣ ቁመቴም ስለሚመጥነው፣ እሱ ላይ ወጣሁ። አንዳንድ ቦታ ወርጄ ገፍቼዋለሁ፤ እግሬን ለማፍታታት ያህል ነው።

ሜዳው ላይ ሁሉም መልካም ነበር። ድሬሰሩ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይነዳል፣ መንገደኛው ቆሞ ያሳልፈዋል፣ አማቴ ከኋላ ሆነው ሰላምታውን ይቀበላሉ። አቀበቱ ሲጀምር ነገር ተበላሸ። ሳጥኑ ከኋላ ስለከበደ የፊቱ ጎማ እንደ ደነገጠ ፈረስ ይነሣል። ድሬሰሩ ወደፊት ቢያጎነብስም ይነሣል። ወርዶ ሲገፋ ደግሞ ሳጥኑ ወደ ጎን ያጋድላል። ጥቂት ሄዶ ያስራል፣ ጥቂት ሄዶ ይፈታል። ፀሐይ ወጥታ ጀርባችንን መጥበስ ያዘች። አቀበቱ ገና እኩል ሳይሆን ከሳጥኑ ጥግ ውሃ ጠብ አለ።

ድሬሰሩ መዳፉን ከሥሩ ዘረጋ። “መቅለጥ ጀመረ” አለ።

ምን እንደሚያስፈልግ ወዲያው አውቄ ነበር። ሳጥኑ መሃል ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከጉልበቱ ፊት መቀመጥ አለበት። ቦታው ደግሞ አለ፤ የሴት ሳይክል ያ ቦታ ክፍት ነው። ክፍቱን የዘጋው የአማቴ ክብር ነው። እንዴት ልበላቸው? ባለቤቴ ሆሳዕና ቀርታለች። ልጃቸው የመሃል ሰው እንዳይሆነኝ ሳጥኑ ላይ አቀርቅሯል። ዙሪያዬን ባይ ከበቅሎዋ በቀር ሰው የለም።

“አንቺ በቅሎ፣” አልኳት፣ “እስቲ ንገሪኝ፤ ጭነት የሚጭኑሽ ጭራሽ ላይ ነው ወይስ ወገብሽ ላይ?”

በቅሎዋ ጆሮዋን አርገበገበች። አማቴ ዞር ብለው አላዩኝም፤ አንገቷን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

“ወገቤ ላይ ነው በይው። ጭራ ላይ የሚጭን ጭነት አያውቅም በይው።”

“እሺ፣ የዚህች ሳይክል ወገብ የቱ ጋ ይመስልሻል?”

አማቴ ቀርከሃውን አዩት። ውሃው ጠብ ይላል።

“ወገቧ ላይ እንጨት ታስሮባታል በይው። ያሰረውም ራሱ ነው በይው።”

“ለክብር ብሎ ነው ያሰረው በያቸው፣ አንቺ በቅሎ።”

ድሬሰሩ መዳፉ ላይ የተጠራቀመውን ውሃ አራገፈ። “አባባ፣ ሽማግሌዋ በቅሎ እስክትፈርድ በረዶው አይጠብቀንም።”

አማቴ ከበቅሎዋ ወረዱ። ቢላቸውን አውጥተው ሽቦውን ጠመዘዙት፣ በጠሱት፣ ቀርከሃውን ነቀሉት። እኔ ይጥሉታል ብዬ ነበር፤ በቅሎ መንጃ አደረጉት። ከዚያ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ለሠርግና ለትንሣኤ የሚለብሱት ጋቢ ነው። ሳጥኑን ከፀሐይ እንዲከልለው ደራርበው ጠቀለሉበት፣ ጭነት እንደሚያስር ሰው ከክፍቱ ቦታ፣ ከታችኛው ብረት ላይ አስቀምጠው ጠፍረው አሰሩት። ነቅነቅ አላለም። እጄን ሳልጨምርበት እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድሬሰሩ ወጣ። ቀላሉን ማርሽ አስገባ። የፊቱ ጎማ መሬት ላይ ቀረ፣ የላላው ጎማዬ ድንጋዩን እያቀፈ ወጣ። አቀበቱን ሳይወርድ ጨረሰው። ከዚያ በኋላ ቁልቁለት ነው። ያ የበረባሶ ፍሬን እንደሚታረድ ፍየል ስለሚጮህ መንደሩ እኛን ሳያይ ሰማን። የእኔ ባለ ሃያ ስምንት ከመንደሩ ትንሽ አልፎ እንሰት መሃል ቆመ። ቅጠሉን ከፊቴ ገለጥ አድርጌ ተመለስኩ።

እናቶቹ ዝግባ ሥር ተቀምጠው ነበር። ካለፈው ጊዜ ያነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ለመሄድ ተነሥተዋል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች አየው።

“ጓድ ድሬሰር፣ ይኸ የሴት ሳይክል አይደለም እንዴ?”

ድሬሰሩ አባቱን አየ። አማቴ ያለ ጋቢ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ በቅሎ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

“ነው፣” አሉ። “እናቶች ጋ አይደል የሚመጣው?”

ሊቀመንበሩ ለሳጥኑ መንገድ ለቀቀ። ያለፈው ጊዜ ስለ ምንጭ የተናገረችው ሴት መጥታ ድሬሰሩን ሳታስፈቅድ ጋቢውን ገለጠች፣ ክዳኑን አነሣች፣ እጇን ከተተች። ወዲያው እንደተነደፈ ሰው አወጣችው።

“ይነክሳል” አለች ለሌሎቹ።

የተነሡት ተመልሰው ተቀመጡ። አንዷ ልጅ ላከች፣ ልጁ ወደ ኮረብታው እየተጣራ ሮጠ፣ ከየጎጆው ሴቶች ሕፃን እያዘሉ ወረዱ። ድሬሰሩ እስከ ከሰዓት ቀና አላለም። የመጨረሻው ልጅ ተከትቦ ሲያለቅስ ሳጥኑ ውስጥ ጡጫ የምታህል በረዶ ቀርታ ነበር።

ያቺው ሴት በረዶዋን ለመነችው። ኮባ ቀደደችና ጠቀለለቻት።

“ለባሌ ላሳየው” አለች።

“እቤትሽ ሳትደርሽ ትቀልጣለች” አላት ድሬሰሩ።

“ከሆሳዕና ድረስ ሳትቀልጥ መጥታ እዚህ ታች ልትቀልጥ?” አለችና ልጇን በጀርባዋ፣ ኮባውን በእጇ ይዛ ቁልቁለቱን ሮጠች።